ለጉበት ስብ የሚሆን እጽ አለ ወይ?



 ማኅበራችሁ የላከልኝ የግብዣ ደብዳቤ ርእስ የመምረጡን ነገር ለእኔ አልተወውም፤ ጥያቄውን ራሱን ጽፎ ነው የመጣው። «ከአባሎቻችን ብዙዎቹ አልትራሳውንድ ተነሥተው ጉበታችሁ ላይ ስብ አለ ተብለዋል። ስቡን የሚያጠፋ እጽ አለ ወይ? ካለ የቱ ነው? እንዴትስ ይወሰዳል?» ይላል። ፋርማሲ ለሚያስተምር ሰው ከዚህ የተሻለ ርእስ አይገኝም።

የሚጓጓውን ሰው ላለማስጠበቅ መልሱን ከፊት ላስቀድም። የጉበት ስብን ማዳኑ በሰው ላይ በተደረገ ትልቅና ተደጋጋሚ ሙከራ የተረጋገጠለት እጽ እስከ ዛሬ የለም። ተስፋ ያላቸው ጥቂቶች አሉ። ከአይጥ ቤት ያልወጡ እጅግ ብዙ አሉ። ጉበትን ራሱን የሚጎዱም አሉ። የዛሬው ንግግሬ እነዚህን እንዴት እንደምንለያቸው ነው። ለዚህም ሦስት ጥያቄዎች ይዤ መጥቻለሁ። ስንቱ ገባ? በማን ላይ ተሞከረ? ከማን ጋር ተወዳደረ? ደጋግሜ ስለምጠራቸው ከአሁኑ ያዙልኝ። ዓመቶቹን ደግሞ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ።

በቅድሚያ ስለ ሕመሙ ጥቂት ልበል። የአዋቂ ሰው ጉበት አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ ይመዝናል። ጤነኛ ጉበትም ቢሆን ጥቂት ስብ አያጣም። ከጉበት ሕዋሳት ውስጥ ከመቶ አምስቱ ወይም ከዚያ በላይ የሆኑት ስብ ሲቋጥሩ ነው ሐኪሞች «ፋቲ ሊቨር» የሚሉት። በዓለም ላይ ካሉ አዋቂዎች ከሦስቱ አንዱ ገደማ እንዳለበት ይገመታል፤ አብዛኛው ሰው ደግሞ ምንም አያመውም። በአንዳንዱ ሰው ላይ ግን ስቡ ጉበቱን ያስቆጣዋል፤ ቁጣው ጠባሳ ይተዋል፤ ጠባሳው ሲበዛ ጉበቱ ይደርቃል። ሲሮሲስ የሚባለው ይህ ነው። ከዚያም ካንሰር ሊከተል ይችላል። ብዙውን ጊዜ ዐሥርና ሃያ ዓመት የሚፈጅ ነገር ስለሆነ «ስብ አለብህ» የተባለ ሁሉ ዛሬ ማታ እንቅልፍ ማጣት የለበትም። እንዲያውም የጉበት ስብ ያለበትን ሰው በብዛት የሚገድለው የልብና የደም ሥር ሕመም ነው።

ስቡ ከየት ይመጣል? ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚጠረጥረው ቅቤን ነው። በ2005 የታተመ አንድ አሜሪካዊ ጥናት ዘጠኝ ሕሙማንን ወስዶ፣ ምልክት የተደረገባቸው ንጥረ ነገሮች ሰጥቶ፣ በጉበታቸው ውስጥ የተገኘው ስብ ከየት እንደ መጣ ለይቷል። 59 ከመቶው የመጣው በሰውነታቸው ቀድሞ ከተከማቸው ስብ ነው። 26 ከመቶውን ጉበታቸው ራሱ ከስኳርና ከመሰል ምግብ ሠርቶታል። ከገበታቸው ላይ ከበሉት ስብ በቀጥታ የመጣው 15 ከመቶው ብቻ ነው። ሰዎቹ ዘጠኝ ብቻ ናቸው፤ ቢሆንም ቅቤውን አቁሞ በየምሳው ለስላሳ ለሚከፍት ሰው የሚነግረው ነገር አለ። በጾም ወራትም ያው ነው፤ ሥጋና ቅቤው ቀርቶ ዳቦው፣ ፓስታውና በስኳር የተሞላው ሻይ እጥፍ ከሆነ ጉበት ጾሙን አያውቀውም።

አሁን ወደ እጹ ልግባ። በቅድሚያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁንልኝ። እጽን ለመናቅ አልመጣሁም። ከእኔ ሙያ መድኃኒቶች ውስጥ ብዙዎቹ ከእጽ የተወለዱ ናቸው። ከወባ ያተረፈን ኮአርተም ግማሽ አካሉ አርቴሚሲያ ከሚባል ተክል የወጣ ነው፤ ቻይናዊቷ ቱ ዩዩ ለዚህ ሥራ በ2015 ኖቤል ተሸልመዋል። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ሜትፎርሚን የምትወስዱ እጃችሁን አውጡ ብል ስንት እጅ እንደሚወጣ እገምታለሁ። የሜትፎርሚን መነሻ ጋሌጋ የሚባል የአውሮፓ ተክል ነው። ተክሉ በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ዝቅ ያደርጋል፤ የበላውን በግም ይገድላል። ኬሚስቶች ከዚያ ተክል ንጥረ ነገር ጋር የሚዛመድ፣ ጉዳቱ የቀነሰ ሞለኪውል በ1922 ሠሩ። ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ስተርን ለስኳር ሕሙማን ሰጥቶ ውጤቱን ያሳተመው በ1957 ነው። በመካከሉ 35 ዓመት አለፈ።

የራሳችንም ታሪክ ከዚህ አይለይም። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያያሉ። የቢልሃርዚያን ተሸካሚ በእንዶድ የመግደል ሐሳብ የተነሣው ከዚያ ነው። ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድን ሽልማት የተቀበሉት በ1989 ነው፤ ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ይህን እጽ ሲመረምሩ፣ ሲለኩ፣ ጉዳት እንደሌለው አረጋግጡ ሲባሉ ነበር። አያቶቻችን እንዶድን ለዘመናት ያውቁታል። መድኃኒትነቱን ለማስመስከር ግን ልኬት ያስፈልግ ነበር።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንሂድ። ስንቱ ገባ?

ለዚህ ጥያቄ ከእርድ የተሻለ ምሳሌ የለኝም፤ ሁላችንም ቤት ስላለ። በእርድ ውስጥ ያለው፣ ቢጫ ቀለሙን የሚሰጠው ንጥረ ነገር ኩርኩሚን ይባላል። በቤተ ሙከራ ብልቃጥ ውስጥ ኩርኩሚን የማይሠራው ተአምር የለም። ቁጣን ያበርዳል፣ የስብ መከማቸትን ይገታል፣ ጠባሳ የሚሠሩ ሕዋሳትን ያስተኛል። አሁን ሒሳቡን አብረን እንሥራ። አንድ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ እርድ ሦስት ግራም ገደማ ነው። ከዚህ ውስጥ ኩርኩሚኑ ከመቶ ሦስት ያህል ነው እንበል፤ 90 ሚሊ ግራም መሆኑ ነው። በጉበት ስብ ሕሙማን ላይ ከተደረጉት ሙከራዎች ብዙዎቹ በቀን ከ500 እስከ 1,500 ሚሊ ግራም ሰጥተዋል። ይህን በወጥ ልድረስበት የሚል ሰው በየቀኑ ከአምስት ማንኪያ በላይ፣ ሲበዛም ከዐሥራ ስድስት ማንኪያ በላይ እርድ መብላት አለበት። ያንን አልጫ ማን ይቀምሰዋል?

ቢበላውስ? ጉበት እንደ ኬላ ነው። ከአንጀት የተነሣ ደም ወደ ቀረው ሰውነት ከመሄዱ በፊት እሱ ዘንድ ቆሞ ይፈተሻል፤ ጉበት የማያውቀውን ነገር ይለውጠዋል፣ ያስረዋል፣ ወደ ሐሞትና ወደ ሽንት ይሸኘዋል። ኩርኩሚን ገና በአንጀት ግድግዳ ላይ ተይዞ፣ የተረፈው በጉበት ተይዞ ያልቃል። በ2006 በታተመ ጥናት 24 ጤነኛ ፈቃደኞች እስከ 12 ግራም የሚደርስ ኩርኩሚን ውጠው ደማቸው ተመረመረ። ከሁለቱ በስተቀር በማንም ደም ውስጥ አልተገኘም፤ እነዚያ ሁለቱም 10 እና 12 ግራም ከዋጡት ናቸው፤ የተገኘውም እጅግ ጥቂት ነው። በሌላ በኩል በ1998 የታተመ የህንድ ጥናት በቁንዶ በርበሬ ውስጥ ያለውን ፒፐሪን የሚባል ንጥረ ነገር ሲጨምርበት ወደ ደም የገባው ኩርኩሚን ሃያ እጥፍ ሆነ። በዚያ ጊዜ ሁሉም ደስ አለው። ዛሬ በየፋርማሲውና በየኢንተርኔቱ የሚሸጠው የኩርኩሚን እንክብል ቁንዶ በርበሬ አለበት ተብሎ የሚወደሰው በዚህ ምክንያት ነው። ይህን እንክብል አትርሱት፤ ተመልሰን እንገናኘዋለን።

በሰው ላይ የተደረጉት የኩርኩሚን ሙከራዎችስ? አሉ፤ አብዛኞቹ ከኢራን ናቸው፤ አብዛኞቹም ከመቶ የማይበልጡ ሰዎች ለሁለትና ለሦስት ወር የተከታተሉ ናቸው። ጉበት ሲጎዳ በደም ውስጥ የሚበዛው የጉበት ኢንዛይም ዝቅ ማለቱንና በአልትራሳውንድ የሚታየው ስብ መቀነሱን ብዙዎቹ ዘግበዋል። ጠባሳው ቀነሰ ወይ? ለሚለው መልስ የላቸውም። ለእኔ ይህ «ይቀጥሉበት» የሚያሰኝ እንጂ «ግዙ» የሚያሰኝ ውጤት አይደለም።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ በማን ላይ ተሞከረ?

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፋርማሲ ተመራማሪዎች በአገራችን ለወፍ በሽታ የሚሰጡትን ስሚዛን፣ ሰንሰልም ይባላል፣ እና አቱችን በአይጦች ላይ ፈትሸው ውጤቱን በ2010 አሳትመዋል። አይጦቹ ካርቦን ቴትራክሎራይድ በሚባል ኬሚካል ተመርዘው፣ እጹ ጉበታቸውን ተከላከለላቸው ወይ ተብሎ ታየ፤ ተከላክሏል። ጥሩ ሥራ ነው፤ እኮራበታለሁ። ነገር ግን በመርዝ በአንድ ቀን የተጎዳ የአይጥ ጉበትና በሃያ ዓመት ለስላሳ፣ ስኳርና ቁጭ ብሎ መዋል የሰባ የሰው ጉበት አንድ አይደሉም። ሽፈራውም፣ ጥቁር አዝሙድም፣ አብሽም፣ ዝንጅብልም በአይጥ ላይ የተመሰገኑ ናቸው። በጉበት ምርምር ውስጥ አይጥ ላይ የሠራውን እጽ ከመቁጠር ያልሠራውን መፈለግ ሳይቀል አይቀርም።

ሬስቬራትሮልን ልጥቀስ። በወይን ልጣጭ ውስጥ ያለ ንጥረ ነገር ነው፤ «ቀይ ወይን ለጤና» የሚለውን ወሬ ያወፈረው እሱ ነው። በአይጥ ላይ የጉበት ስብን አቀለጠ ተባለ። አውስትራሊያ ውስጥ በ20 ወንዶች ላይ ሲሞከር፣ ግማሾቹ በቀን 3,000 ሚሊ ግራም ለስምንት ሳምንት ወስደው ስባቸው አልቀነሰም፤ ይልቁንም የጉበት ኢንዛይማቸው ከፍ አለ። አይጡ የዳነበት መድኃኒት ሰውየውን አስጨነቀው።

ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉም ይከብዳል፤ ጊዜ የምወስድበትም እሱ ላይ ነው። ከማን ጋር ተወዳደረ?

የወፍ በሽታ የያዘውን ልጅ አስቡት። ዐይኑ ቢጫ ሆነ፤ ቅጠል ተጨምቆ ጠጣ፤ በሦስተኛው ሳምንት ዐይኑ ጠራ። መንደሩ ሁሉ መሰከረ። የልጁ ሕመም ሄፓታይተስ ኤ ከነበረ ግን ምንም ባይጠጣም ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ዐይኑ ይጠራ ነበር። ቅጠሉን የጠጣውንና ያልጠጣውን ጎን ለጎን ሳናይ ያዳነው ቅጠሉ ይሁን ጊዜው በምን እናውቃለን?

በጉበት ስብ ላይ ይህ ችግር ይብሳል። ሰው «ስብ አለብህ» በተባለ ማግስት ሦስት ነገር በአንድ ላይ ይጀምራል፤ እጽ ይጠጣል፣ ስኳር ይቀንሳል፣ በእግሩ ይሄዳል። ከስድስት ወር በኋላ የአልትራሳውንዱ ወረቀት ከ«ግሬድ ሁለት» ወደ «ግሬድ አንድ» ይወርዳል። ምስጋናው ለማን ነው? ለእጹ! አልትራሳውንዱም ቢሆን ስቡ ጥቂት ሲሆን በደንብ አያየውም፤ ግሬዱን የሚወስነውም የባለሙያው ዐይን ስለሆነ አንዱ ሁለት ያለውን ሌላው አንድ ሊለው ይችላል።

ተመራማሪዎች ይህን ለመለየት ለግማሾቹ ሕሙማን መልኩ ያው የሆነ፣ በውስጡ ግን መድኃኒት የሌለበት ባዶ ክኒን ይሰጣሉ። ሲሊማሪንን እንውሰድ። ሐምራዊ አበባ ካለው፣ ሚልክ ትሲል ከሚባል እሾሃማ የሜዲትራኒያን አካባቢ ተክል ፍሬ የሚወጣ ነው። ለጉበት ከሚሸጡት እጾች ሁሉ ስመ ጥሩ እሱ ነው፤ ስሙም በከንቱ አልወጣም፤ አውሮፓ ውስጥ በመርዛማ እንጉዳይ ለተመረዘ ሰው ሲሊቢኒን የተባለው ክፍሉ በደም ሥር ይሰጣል። ታዲያ ለጉበት ስብስ? ማሌዥያ ውስጥ 99 ሕሙማን በጉበት ናሙና ተረጋግጦ ተመርጠው፣ ከፊሎቹ ሲሊማሪን 700 ሚሊ ግራም በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከፊሎቹ ባዶ ክኒን ለ48 ሳምንት ወሰዱ። በ2017 ውጤቱ ታተመ። ከሲሊማሪን ወሳጆች 32.7 ከመቶው የታሰበውን መሻሻል አሳዩ። ከባዶ ክኒን ወሳጆችስ? 26 ከመቶው! ልዩነቱ በአጋጣሚ ሊመጣ የሚችል ነው ተባለ። እርግጥ ጠባሳው ብቻ ሲታይ 22.4 ከመቶ ለ6 ከመቶ ነበር፤ ይህ ተስፋ ይሰጣል፤ በትልቅ ሙከራ ሊደገም የሚገባው ነገር ነው። እኔን ያስደነቀኝ ግን ያ 26 ከመቶ ነው። ከአራት ሰው አንዱ ባዶ ክኒን ውጦ ጉበቱ ተሻሽሏል። ጎረቤታችሁ «እኔ በዚህ እጽ ዳንኩ» ሲላችሁ አልዋሸም። ከእነዚያ ከአራት አንዱ ሊሆን ግን ይችላል።

ቤርቤሪን ሌላው ነው። ቻይናውያን ለተቅማጥ ሲጠቀሙበት ከኖሩት መራራ ሥር የሚወጣ ቢጫ ንጥረ ነገር ነው። ቻይና ውስጥ 184 ሕሙማን የተሳተፉበት፣ በ2015 የታተመ ሙከራ አለ፤ ለ16 ሳምንት የቆየ። አመጋገብን ከማስተካከልና ከእንቅስቃሴ ጋር ቤርቤሪን የወሰዱት የጉበት ስባቸው በ52.7 ከመቶ ወረደ። አመጋገብና እንቅስቃሴ ብቻ የታዘዙትስ? በ36.4 ከመቶ። በአንድ በኩል ቤርቤሪኑ የጨመረው ነገር ያለ ይመስላል፤ በዚህ ላይ የኮሌስትሮል መጠንን ዝቅ አድርጓል። ሆኖም ሁሉም ሰው ምን እንደሚወስድ ያውቅ ነበር፤ ባዶ ክኒን አልነበረም። በሌላ በኩል ቁጥሮቹን እንደገና ተመልከቱ። ከወረደው ስብ አብዛኛው የወረደው ሁለቱም ወገኖች በሠሩት ሥራ ነው፤ በገበታና በእግር። ከእጽ ወገን ከሆኑት ሁሉ ወደፊት አንድ ቀን ለጉበት ስብ በሐኪም ይታዘዛል ብዬ የምገምተው ቤርቤሪንን ወይም ከእሱ ተለውጦ የተሠራ ሞለኪውል ነው። ግምቴ ነው፤ ክኒኑን ገዝታችሁ ግቡ ማለቴ አይደለም። የስኳር መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ስኳሩን ከልክ በላይ ሊያወርድበት ይችላል፤ ለነፍሰ ጡርም አይሰጥም።

ሦስቱን ጥያቄዎች በደንብ የመለሰ አንድ ከእጽ የሚገኝ ነገር አለ፤ የሚገርመው ግን ማንም ስለ እሱ ጠይቆኝ አያውቅም። ቫይታሚን ኢ ነው። ከሱፍና ከመሰል የቅባት እህሎች ዘይት ይወጣል። አሜሪካ ውስጥ የስኳር ሕመም በሌለባቸው 247 ሰዎች ላይ በተደረገና በ2010 በታተመ ሙከራ፣ በቀን 800 ዩኒት ለ96 ሳምንት ከወሰዱት 43 ከመቶው ጉበታቸው ሲሻሻል፣ ባዶ ክኒን ከወሰዱት የተሻሻለው 19 ከመቶው ነው። ጠባሳው ላይ ግን ያን ያህል አልሠራም። ጉዳትም አለው፤ በሌላ ትልቅ ጥናት ቫይታሚን ኢ ለዓመታት የወሰዱ ወንዶች ላይ የፕሮስቴት ካንሰር በ17 ከመቶ ጨምሮ ታይቷል። ስለዚህ ሐኪም መርጦ ለአንዳንዱ ሰው ያዝዘዋል፤ በራስ የሚጀመር አይደለም።

አሁን የምትወዱትን ላንሣ። ቡና! በእንግሊዝ አገር 494,585 ሰዎችን ለአማካይ ዐሥር ዓመት ከግማሽ ያህል ተከታትሎ በ2021 የታተመ ጥናት፣ ቡና ጠጪዎች ከማይጠጡት ይልቅ ሥር የሰደደ የጉበት ሕመም በ21 ከመቶ አንሶባቸው፣ በዚሁ ሕመም መሞት ደግሞ በ49 ከመቶ አንሶባቸው አግኝቷቸዋል። ጥቅሙ ከፍ ያለው በቀን ሦስትና አራት ኩባያ በሚጠጡት ላይ ነው፤ ካፌይን የወጣለት ቡናም ጥቅም አሳይቷል፤ ስለዚህ ነገሩ የካፌይን ብቻ አይደለም። ክሎሮጄኒክ አሲድን የመሳሰሉ ሌሎች ንጥረ ነገሮች ይጠረጠራሉ። ከቡና አገር ሰው ፊት ቆሞ ይህን መናገር ደስ ይላል፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብለን ሦስቱንም እየጠጣን ለካስ ጉበት ስናክም ኖረናል! እንዳትስቁብኝ ግን ሦስተኛውን ጥያቄ ጠይቁኝ። ይህ ጥናት ሰዎችን ለሁለት ከፍሎ ለአንዱ ቡና፣ ለሌላው ባዶ ስኒ አልሰጠም፤ የሚጠጣውንና የማይጠጣውን ተከታትሎ አየ እንጂ። ጤነኛ ሰው ቡና ይጠጣ ይሆናል፤ የታመመው ትቶት ይሆናል። ይህ ሁሉ ሆኖ ተመሳሳይ ውጤት ከብዙ አገር ስለመጣ እኔ ቡና ለሚጠጣ የጉበት ስብ ሕመምተኛ «አቁም» አልልም። ስኳሩን ግን አቁሙ። በየስኒው ሁለት ማንኪያ ስኳር አድርጎ ቡና ለጉበት ይጠቅማል ማለት ራስን መሸንገል ነው።

አሁን ወደ ጉዳቱ። «ከተፈጥሮ የመጣ ስለሆነ አይጎዳም» የሚለውን አባባል ዛሬ ከዚህ አዳራሽ ሳናስወጣው አንለያይም።

በትግራይ፣ በታህታይ ቆራሮ ወረዳ፣ ከ2001 ጀምሮ ሰዎች ሆዳቸው እየተነፋ፣ እየከሱ፣ ሕፃናትም ሳይቀሩ ይሞቱ ጀመር። ምክንያቱ ለዓመታት አልታወቀም። የአገራችንና የውጭ ተመራማሪዎች አጥንተው የደረሱበት፣ አጄራተም የሚባል አረም ከእህል ጋር እየተቀላቀለ ይበላ እንደነበር ነው። በአረሙ ውስጥ ያለው መርዝ በጉበት ውስጥ ያሉትን ጥቃቅን የደም ሥሮች ይዘጋል። ከዚያ አረም የበለጠ ተፈጥሯዊ ነገር የለም። ሐረር ላይ በሆስፒታል ተደርጎ በ2018 የታተመ ጥናትም ጫት መቃምን ሥር ከሰደደ የጉበት ሕመም ጋር አያይዞታል።

ያንን የኩርኩሚን እንክብል አትርሱ ብያችሁ ነበር። አሜሪካ ውስጥ በመድኃኒት የሚመጣ የጉበት ጉዳትን የሚከታተሉ ሐኪሞች በእርድ እንክብል ምክንያት ጉበታቸው የተጎዳ ዐሥር ሰዎችን መዝግበው በ2022 አሳውቀዋል። አምስቱ ሆስፒታል ተኝተዋል፤ አንድ ሰው ሞቷል። እንክብሎቹ ሲመረመሩ በአንዳንዶቹ ውስጥ ቁንዶ በርበሬ ተገኝቷል። ኬላውን አሳልፎ ብዙ ኩርኩሚን የሚያስገባው ብልሃት ብዙ ጉዳትም አብሮ ሳያስገባ አልቀረም። ከዐሥሩ ሰባቱ አንድ ዓይነት የዘር ምልክት ነበራቸው፤ ማን እንደሚጎዳ አስቀድሞ በመልክ አይታወቅም። አረንጓዴ ሻይም እንዲሁ ነው። በሲኒ ሲጠጣ ችግር የለበትም፤ ተጨምቆ በእንክብል ሲሆን ግን የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለ ሥልጣን በ2018፣ ካቴኪን ከሚባሉት ንጥረ ነገሮቹ ዋነኛው በቀን 800 ሚሊ ግራም ሲደርስ የጉበት ኢንዛይም ከፍ ከማለት ጋር መያያዙን አስታውቋል። በወጥ ውስጥ ያለ እርድ ሌላ፣ በብልቃጥ የታሸገ እርድ ሌላ ነው። በአልጫችሁ ላይ ምንም ክርክር የለኝም።

እንግዲህ የሚሠራውስ ምንድን ነው? ትሉኛላችሁ። ኩባ ውስጥ 293 ሕሙማን ለ52 ሳምንት አመጋገባቸውንና እንቅስቃሴያቸውን አስተካክለው፣ አብዛኞቹም በመጀመሪያና በመጨረሻ የጉበት ናሙና ሰጥተዋል። ክብደታቸውን 10 ከመቶና ከዚያ በላይ ከቀነሱት 90 ከመቶዎቹ የጉበት ቁጣው ጠፋላቸው፤ 45 ከመቶዎቹ ጠባሳው ሳይቀር ወደ ኋላ ተመለሰላቸው። 80 ኪሎ ለሆነ ሰው ስምንት ኪሎ መቀነስ ነው። ይህን የሚያህል ውጤት ያመጣ እጽ በዓለም ላይ የለም። ቀላል ነው ብዬ ግን አልሸነግላችሁም፤ በዚያው ጥናት 5 ከመቶ እንኳ መቀነስ የቻሉት ከመቶ ሠላሳው ብቻ ናቸው። በዚህ ምክንያት ነው መድኃኒት የሚፈለገው። ጠባሳቸው ለጠና፣ ገና ሲሮሲስ ላልደረሱ ሰዎች የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ በመጋቢት 2024 ሬስሜቲሮምን፣ በነሐሴ 2025 ደግሞ ለክብደት የሚታወቀውን ሴማግሉታይድን ፈቅዷል። ሁለቱም በቤተ ሙከራ የተሠሩ ናቸው። ሁለቱም ውድ ናቸው። ሁለቱም ሦስቱን ጥያቄዎች በመቶዎች በሚቆጠሩ ሰዎች ላይ መልሰዋል፤ በሴማግሉታይዱ ሙከራ 62.9 ከመቶው ቁጣው ሲጠፋለት፣ ከባዶ መድኃኒት ወሳጆችም 34.3 ከመቶው ጠፍቶለታል። ያችን ሁለተኛዋን ቁጥር አሁንም ልብ በሉልኝ።

ከመውረዴ በፊት የምለምናችሁ ነገር አለ። ጉበታችሁ ላይ ስብ አለ ከተባላችሁ የሄፓታይተስ ቢና ሲ ምርመራ አድርጉ፤ በአገራችን ብዙ ጉበት የሚያበላሸው እሱ ነውና ስቡን ስናሳድድ ቫይረሱ እንዳያመልጠን። ሐኪማችሁ ጠባሳ መኖር አለመኖሩን ከዕድሜያችሁ፣ ከሁለቱ የጉበት ኢንዛይሞችና ከደም ፕላትሌት ቁጥር እንዲያሰላላችሁ ጠይቁት፤ ፊብ ፎር ይባላል፤ ለብቻው የሚከፈልበት ምርመራ አይደለም፤ ውጤቱ ከ1.3 በታች ከሆነ የጠና ጠባሳ የመኖሩ ዕድል ትንሽ ነው፤ ከ65 ዓመት በላይ ለሆናችሁ መስፈሪያው 2 ነው። ደግሞም የምትጠጡትን እጽ ከሐኪም አትደብቁ። ይቆጣኛል ብላችሁ አትፍሩ። እንክብል ከሆነ ብልቃጡን፣ ዱቄት ከሆነ ጥቂት ቆንጥራችሁ፣ ስሙን የማታውቁት ቅጠል ከሆነ ቅጠሉን ራሱን በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ።

 አሁን ጥያቄያችሁን እቀበላለሁ።